የብጉር ኪኒን በኪሴ፣ አማቶቼ በፊቴ

ብጉር የሌለባችሁ ሰዎች ይህን ተረጋግታችሁ አንብቡት። ብጉር ያለባችሁ ደግሞ መጀመሪያ እጃችሁን ከፊታችሁ ላይ አንሱ። አታታልሉኝ፤ አሁንም እየነካካችሁት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በዚህ ነገር ወጣትነቴን የጨረስሁ ሰው ነኝ።

እንጅባራ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። የፎቶ ቤት ሥራ ሰው ማንሳት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዋናው ሥራ ማጥራት ነው። የእኛ ሰው ፎቶ የሚነሳው መልኩን ሊያይ አይደለም፤ መልኩንማ ያውቀዋል። የሚነሳው የተሻለ መልክ እንድሰጠው ነው። «እቺን ጠባሳ አጥፋልኝ፣» «ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት አንሳልኝ፣» «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» ይለኛል። እኔም ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ ብዬ የሰው ጉንጭ ስጠርግ፣ የሰው ግንባር ስደለድል እውላለሁ። ከኋላዬ ቆመው የሚጠብቁ ደንበኞች ታዲያ አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፊት፣ አንድ ጊዜ የእኔን ፊት ያያሉ። አንዲት እናት እንዲያውም አላስቻላቸውም።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ይኸን ማጥፊያ ለራስህ የማትሞክረው ምን ሆነህ ነው?»

ስለ ፊቴ ልንገራችሁ። በዓል ሲደርስ አፍንጫ ላይ ብቅ የምትለዋን ብጉር እንዳታስቡ። እሷ ጨዋ ናት፤ እንግዳ ናት፤ መጥታ ትሄዳለች። የእኔዎቹ ርስት የያዙ ናቸው። ጉንጬን፣ አገጬን፣ አንገቴን፣ ወርደውም ጀርባዬን ተካፍለው ድንበር ይገፋፋሉ። ሥር አላቸው። ውስጥ ለውስጥ ያብጣሉ፣ ሲነኩ ያማሉ፣ አንዱ ሲፈርጥ ጎረቤቱ ያዝንለትና ያብጣል። በጎኔ ተኝቼ የተገላበጥሁ እንደሆነ በሕመሙ እነቃለሁ። አጎቴ አያ ምናለ ጥርባ በምትባል መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። አንድ ቀን አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝና አገላብጦ አይቶ፣ «ልጄ፣ ይኸማ የእኛ መሬት ነው፤ ጉብታና ጉድጓድ። ክረምት ላይ ውኃ አይቋጥርም?» አለኝ።

መድኃኒት ያላዘዘልኝ የእንጅባራ ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው መልስ ሲሰጠኝ «ሎሚ ቀባው» ይለኛል። ሎሚ ቀባሁ፤ አቃጠለኝ። ነጭ ሽንኩርት ቀባሁ፤ ደንበኛ ሸሸኝ። የጥርስ ሳሙና ቀብቼ አደርሁ፤ ብጉሩ እንዳለ ሆኖ ጉንጬ ከጥርሴ ነጣ። እሬት ቀባሁና ሳላስበው እጄን አፌ ውስጥ ከትቼ ቀኑን ሙሉ የሰላምታዬ ድምፅ ሳይቀር መረረ። ከሁሉም የከፋው ግን የሽማግሎቹ መድኃኒት ነው። «አግባ! ስታገባ ይጠፋል።»

ይህን ምክር ሰጥተው ይሄዳሉ። ማንን ላግባ? ሴቶቹ ደግሞ «ሲጠፋለት ያግባ» ይላሉ። ካላገባሁ አይጠፋም፤ ካልጠፋ አላገባም። ዶሮዋና እንቁላሏ የተጣሉበት ቦታ የእኔ ጉንጭ ነበር።

ከዚያ ማስተዋል መጣች። ማስተዋል ዳንግላ ውስጥ የሕፃናት መምህርት ናት። ለሥልጠና እንጅባራ መጥታ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ፎቶ ቤቴ ገባች። አንገቷ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለቻት። እንደ ልማዴ ላጠፋት ስል እጄን ያዘችኝ።

«እቺን አትንካብኝ፤ ማርያም የሳመችኝ ናት።»

ከዚያ ፊቴን አየችው። እንደ ሌላው ሰው ዓይኗን ዞር አላደረገችም። ትኩር ብላ አየችና «ያምሃል?» አለችኝ። ስንት ዘመን ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እሬት ሲሉኝ «ያምሃል?» ያለኝ ሰው አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ጉርድ ፎቶዋን አንዱን ትርፍ አትሜ አስቀረሁ።

ባሕር ዳር ሄጄ የቆዳ ሐኪም እንድታየኝ ያደረገችው እሷ ናት። «ይኸ በሎሚ የሚድን አይደለም፤ በሽታ ነው፤ ለበሽታ ደግሞ ሐኪም አለው» ብላ እንደ ተማሪዋ ተቆጣችኝ።

ሐኪሟ ቀጠን ያለች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ፊቴን አየች፣ ጀርባዬን አየች፣ ደሜን አስመረመረች፤ ከዚያ ለወራት የሚዋጥ ኪኒን አዘዘችልኝና ሕጉን ትደረድርልኝ ጀመር።

«አልኮል የሚባል ነገር የለም፤ ጉበትህን ይጎዳል። ፀሐይ ላይ አትቁም። በየጊዜው እየመጣህ ደም ትመረመራለህ። ከንፈርህ ይደርቃል፣ አፍንጫህ ይደርቃል፤ ቫዝሊን አይለይህ። ኪኒኑን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰደው።»

«ዶክተር፣ ጾም ገብቷል እኮ።»

«ለውዝና አቮካዶ አይጾሙም። ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሊብስህ ይችላል።»

«ምኑ?»

«ብጉሩ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ከዚህ የባሰ የት ቦታ አግኝቶ? ስለ ነፍሰ ጡርም የሆነ ነገር አለችኝ፤ እኔ ነፍሰ ጡር ስላልሆንሁ ያን አጥብቄ አልሰማሁትም። የሰውን ልጅ የሚያጠፋው እንዲህ «እኔን አይመለከተኝም» ያለው ነገር ነው። ስወጣ የስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝና «ችግር ካለ ደውል» አለች። ምን ዓይነት ችግር እንደሚመጣ ብታውቅ ኖሮ ቁጥሯን ባልሰጠችኝ።

እውነትም ባሰ። ቦታ የለም ያልሁት ፊት ላይ ቦታ ተገኘለት። የዓይኔ ቆብ አጠገብ ሳይቀር አዲስ ሰፋሪ ገባ። ይህን ችዬ ለውዙን ያዝሁ። አከራዬ እማማ ዘውዴ ጾም ላይ እንደ ጉምሩክ ናቸው፤ ሳይፈተሽ የሚያልፍ የለም። አንድ ቀን ቂጣዬን ስቀባ ደረሱብኝ።

«ምንድን ነው የምትቀባው?»

«የለውዝ ቅቤ ነው፣ እማማ።»

«ቅቤ! በዚህ ታላቅ ጾም!»

«የለውዝ እኮ ነው፤ የጾም ነው።»

እማማ ዘውዴ ወገባቸውን ያዙ። «ለውዝ የምትባለዋ ላም የማን ናት? ጾም የማይገባት ላም ኖራ ነው?»

ለውዙን ራሱን ከነቅርፊቱ አምጥቼ እስካሳያቸው ድረስ አላመኑኝም፤ አሳይቼም እንደሆነ እንጃ። ምክንያቱም በቫዝሊን የወዛው ከንፈሬ ከሩቅ ያበራል። በጾም ወራት ከንፈሩ የሚያበራ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ ሰው ሰላም የሚለኝ ዓይኔን ሳይሆን አፌን እያየ ሆነ። አንዱ ጎረቤቴማ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ሉካንዳው ከየት በኩል ነው የሚከፈተው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ፀሐዩም የራሱ ጣጣ አለው። እንጅባራ ውስጥ ፀሐይ እንደ ባለሥልጣን ናት፤ አልፎ አልፎ ስትመጣ ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ይቀበላታል። ግድግዳ ተደግፎ፣ ጋቢውን ገልጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞቃታል። እኔ ብቻ ጉሙ ተገፍፎ ብርሃን ብቅ ሲል ጥላ ዘርግቼ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ በጥግ በጥግ እሮጣለሁ። ዕዳ ያለበት እመስል ነበር።

ይህ ሁሉ ይቅር። ያስቸገረኝ ሳቅ ነው። ከንፈሬ ደርቆ ደርቆ የጋለ መሬት ሆነ። ትንሽ ፈገግ ካልሁ መካከሉ ላይ ተሰንጥቆ ይደማል። ፎቶ አንሺ ደግሞ እንጀራው ፈገግታ ነው። ሙሽሮች አቁሜ፣ ፊቴን እንደ ዳኛ አኮሳትሬ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ «ፈ…ገ…ግ በሉ» እላለሁ። ሙሽራው ወደ ሙሽሪት ጎንበስ ብሎ «ምን አስቀይመነው ነው?» ሲል ሰማሁት።

በዚህ መሐል ጾሙ ተፈታ፤ አያ ምናለ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ዳንግላ ሄዶ ማስተዋልን ጠየቀልኝ። አባቷ አያ ስንሻው እህል ነጋዴ የነበሩ፣ ድምፃቸው ከጆንያ በላይ የሚከብድ ሰው ናቸው። እናቷ ስለሞተች ማስተዋልን ያሳደጓት ከአክስቷ ከእትዬ አንጓች ጋር ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ለሽማግሎቹ የመለሱት አንድ ነገር ነው፦ «ልጁን ሳላየው እሺም እንቢም አልልም። አምጡት።»

ማስተዋል ደወለችልኝ። ድምጿ ፈራ ተባ ይላል።

«አባቴ ሰው የሚመዝንበት የራሱ ሚዛን አለው፤ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።»

«ንገሪኝ።»

«የማይጠጣና የማይስቅ ሰው አይወድም። የሚሸሽገው ነገር አለው ይላል።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሐኪሟና አያ ስንሻው ተመካክረው የሠሩት ይመስል ነበር።

አያ ምናለን አማከርሁት። አያ ምናለ በክፉ ቀን የሚጨነቅ ሰው አይደለም፤ የሚያስጨንቅ ነው። «አንተ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። «መጠጡን እኔ እጠጣልሃለሁ። ሳቁንም እኔ እስቅልሃለሁ። አንተ ቁጭ በል።»

በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ተነሳን። መስኮቱ በኩል ፀሐይ ስለሚገባ እኔ ጥላዬን ሚኒባሱ ውስጥ ልዘረጋ ስል ረዳቱ ተቆጣ። መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ከሰል የጫኑ ሴቶች ገቡና ከጆንያው ጥላ ሥር ተሸጉጬ ሄድሁ። ዳንግላ ስወርድ ነጭ ሸሚዜ የከሰል ብናኝ ለብሷል፣ ፊቴ ቀልቷል፣ ከንፈሬ ያበራል። አያ ምናለ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ደኅና ነህ፣» አለኝ፤ «ብቻ ቀድሜ እኔ ልግባ።»

«ኖር!» አሉ አያ ስንሻው ቤታቸው ስንገባ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው።

«በእግዚአብሔር!» አልን።

ቤት ውስጥ ሆነውም ባርኔጣቸውን አላወለቁም። አጠገባቸው እትዬ አንጓች ተቀምጠዋል፤ ትንሽ፣ ደቃቃ፣ ዓይናቸው መርፌ የሆኑ ሴት። ማስተዋል በጓዳው በር ብቅ ብላ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ጣል አድርጋ ተመለሰች። ልቤ በረታ። ወዲያው አረቄ መጣ።

አያ ስንሻው በእጃቸው ቀድተው ሰጡኝ። «በል እንካ፣ የቤት ነው።»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሐኪም?» አሉ። «በዚህ ዕድሜህ ሐኪም ቤት ምን አደረሰህ?»

ከመመለሴ በፊት አያ ምናለ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆዬን ወስዶ ጨለጠው። «የእሱም የእኔም አንድ ነው፤ ዘመዳሞች ነን» አለና ስለ ትጋቴ፣ ስለ ጨዋነቴ፣ ስለ ፎቶ ቤቴ ያወራ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አወራ። ችግሩ አያ ስንሻው ለእኔ በቀዱ ቁጥር እሱ ሁለት ድርሻ ይጠጣል። ወሬው መጀመሪያ ሞቀ፣ ከዚያ ረዘመ፣ ከዚያ ተጣመመ። አያ ምናለ ሲጠጣ አንድ ልማድ አለው፤ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። አማርኛውን አንድ አንድ ቃል እያራገፈ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጠቅላላ አገውኛ ሆነ። እጁን እያወናጨፈ፣ ደረቴን እየመታ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ ስለ እኔ የሚናገረው ድንቅ ንግግር ነበር። ከአማቶቼ አንድም የገባው ሰው የለም።

«ምን እያለ ነው?» አሉ አያ ስንሻው።

«እያመሰገነኝ ነው» አልሁ።

«ታዲያ ለምን ያለቅሳል?»

በዚህ ላይ አያ ስንሻው ሊያስቁኝ ይታገላሉ። የገበያ ቀልድ ነገሩኝ። አልሳቅሁም። ስለ አንድ አህያ ሻጭ ነገሩኝ፤ በጣም የሚያስቅ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ፣ ጉልበቴን ቆንጥጬ፣ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ከንፈሬን ያዝሁት። አያ ስንሻው ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። የማይጠጣ፣ የማይስቅ፣ በአህያ ቀልድ የሚያለቅስ ሰው ልጃቸውን ሊወስድ መጥቷል።

ዶሮ ወጥ ቀረበ። ቅባቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል። ለኪኒኔ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ልከት ስል አፍንጫዬ ሞቀኝ። ደርቆ የሰነበተው አፍንጫዬ ያን ሰዓት መርጦ ነሰረኝ። ደንግጬ መሐረቤን ከኪሴ መዥረጥ ሳደርግ የኪኒኑ ካርቶን አብሮ ወጣና ተንከባሎ እትዬ አንጓች እግር ሥር ቆመ።

እትዬ አንጓች አነሱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ደግሞ ራቅ አደረጉት። ፊታቸው ተለወጠ።

ካርቶኑ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ተሥላለች። በሴትዮዋ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል።

«ስንሻው፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እቺን እያት።»

አያ ስንሻው ተቀብለው አዩዋት።  አያ ምናለ በአገውኛ ማመስገኑን እንደቀጠለ ነው።

«እርጉዝ ሴት ተሰርዛለች» አሉ አያ ስንሻው። «እርግዝና ክልክል ነው ማለት ነው? ልጅ የማያስወልድ ኪኒን ይዘህ ነው ልጄን የምትጠይቀኝ?»

መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ እንደያዝሁ ነው። «አይደለም አባቴ! ሥዕሉ ለሴት ነው!»

ከተናገርሁት በኋላ ነው ያልሁት የገባኝ።

«ለሴት ነው?» አሉ እትዬ አንጓች ብድግ ብለው። «ለሴት ከሆነ አንተ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል? የየትኛዋ ሴት ነው?»

«የማንም ሴት አይደለም! እኔ ነኝ የምውጠው!»

«አንተ!» አሉ አያ ስንሻው። «እንዳታረግዝ ነው የምትውጠው?»

«ለብጉሬ ነው!»

«እርጉዝ ሴት በአንተ ብጉር ምን አገባት?»

 ሐኪሟ ስትነግረኝ ባልሰማሁት ነገር ላይ ተፈተንሁ። አያ ስንሻው ካርቶኑን መደቡ ላይ አስቀመጡና ሲያዩኝ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብቻ አልነበረም። «አንድ ልጅ ነው ያለችኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የልጅ ልጅ ሳላይ መሞት አልፈልግም።» ይኸኔ ነው የጨነቀኝ። ቁጣውንስ እችለው ነበር። ተነስቼ ልወጣ ሁሉ አስቤ ነበር፤ አያ ምናለ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ስለነበር አልተነሳሁም።

ማስተዋል ከጓዳ ወጣች። «ስልክህን አምጣ» አለችኝ። «ሐኪሟ ጋ ደውል። ላውድ ላይ አድርገው፤ ሁሉም ይስማ።»

ደወልሁ። ሐኪሟ ቶሎ አነሳች።

«ዶክተር፣ የእንጅባራው ፎቶ አንሺ ነኝ…»

«አልኮል ጠጣህ?»

«ኧረ አልጠጣሁም!»

«እውነቱን ነው» አሉ አያ ስንሻው ጮክ ብለው። «ምስክር ነኝ። እንቢ ብሎ አዋርዶኛል።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የልጅቱ አባት ነኝ። ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሳይሸሽጉ ይንገሩኝ። ይኸ ልጅ ይወልዳል ወይስ አይወልድም?»

«አይወልድም» አለች ሐኪሟ።

እትዬ አንጓች ደረታቸውን መቱ። 

«ወንድ ነው እኮ» አለች ሐኪሟ ቀጠል አድርጋ። «የምትወልደው ሚስቱ ናት።»

ከዚያ እንደ ሐኪም አስረዳች። ኪኒኑን የምትውጠው ሴት ከሆነች በማኅፀን ያለውን ልጅ ክፉኛ ይጎዳል፤ ሥዕሉ ለእሷ ማስጠንቀቂያ ነው። ወንድ ስለዋጠው ልጅ መውለድ አይከለክለውም። «ልጅቱ ግን ኪኒኑን እንዳትቀምሰው!» አለች በቁጣ። ማስተዋል «እሺ ዶክተር» አለች፤ አያ ስንሻው ሳይቀሩ «እሺ» አሉ።

እዚህ ላይ ስልኩ ቢዘጋ ኖሮ ነገሩ በሰላም ባለቀ። ግን ሐኪም በስልክ፣ ያውም በነጻ፣ ሲገኝ ማን ይለቃል? እትዬ አንጓች ከእጄ ነጠቁኝ።

«ዶክተርዬ፣ ካገኘሁሽ አይቀር፣ ይኸ ክንዴን በማታ የሚበላኝ ምንድን ነው?»

ሐኪሟ ተንፍሳ ጠየቀቻቸው፤ መለሱላት፤ ሳሙና ይለውጡ አለቻቸው። አያ ምናለ ይህን ሲያይ ነቃ አለና ጫማውን አውልቆ እግሩን ስልኩ ፊት ደቀነው፤ በአገውኛ በሰፊው አስረዳት።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«በጣቶቼ መሐል ይበላኛል ነው የሚለው» አልሁ።

«ታጥበው ያድርቁት፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወዲህ በሉት ስልኩን» አሉ። «ለልጁ የምጠይቅለት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኔትወርኩ ውጭ ይሻላል።» ይዘውት ወጡ፤ በሩንም ገርበብ አደረጉት። ላውድ ላይ እንደሆነ ግን ረስተውታል። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እንኳ ጓዳ ድረስ ይሰማል።

«ዶክተር… ይኸ… ራስ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ኪኒንስ የላችሁም?»

ማስተዋል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች። እትዬ አንጓች ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ከንፈሬን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለች ሐኪሟ ከግቢው።

«ቆየ። ሰው አያውቅም። ባርኔጣ አደርጋለሁ።»

ወዲያው በሩ ተከፈተና አያ ስንሻው ስልኩን ዘግቻለሁ ብለው ይዘውት ገቡ። አልዘጉትም ነበር። ከእጃቸው መሐል የሐኪሟ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ «ሃሎ? ይሰማሉ? ባርኔጣውን ደግሞ አልፎ አልፎ ያውልቁት፤ ራስዎ ይናፈስ!»

 አያ ስንሻው ስልኩን አዩት። እኛን አዩን።

«ሰማችሁ?»

«ምኑን?» አልሁ።

«እኔ ወጥ እያማሰልሁ ነበር» አሉ እትዬ አንጓች፤ ማማሰያም ድስትም አጠገባቸው የለም።

ነገሩ ተዳፍኖ ሊያልፍ ነበር። አያ ምናለ ግን ያን ሁሉ ሰዓት የጠፋው አማርኛው ያን ጊዜ ተመለሰለት። ጥርት ባለ፣ ትምህርት ቤት በሚያስተምሩት አማርኛ፣ «ምን አሉ? ፀጉር የላቸውም?» አለ።

ያለቀልን መሰለኝ። አያ ስንሻው ቀይ ሆኑ፤ ከዚያ ከሆዳቸው የተነሳ አንድ ነገር ወደ ላይ እየወጣ ትከሻቸውን ነቀነቀው። ሳቅ ነበር። እየሳቁ ባርኔጣቸውን አወለቁና መደቡ ላይ ወረወሩት። ራሳቸው ከእኔ ከንፈር በላይ አበራ።

እኔም ለቀቅሁት። ወራት ሙሉ ያጠራቀምሁትን፣ የአህያውን ቀልድ ጨምሮ፣ በአንድ ጊዜ ሳቅሁት። ከንፈሬ እዚህም እዚያም ተሰነጠቀ፤ ደሙ አገጬ ላይ ወረደ፤ ማስተዋል በነጠላዋ ልትጠርግልኝ ስትሞክር እሷም ከሳቋ የተነሳ አፍንጫዬን ጠረገችው።

«ይስቃል ለካ!» አሉ አያ ስንሻው እየጠቆሙኝ። «እየደማ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። በል፣ አንተ ፊትህን ይዘህ መጣህ፣ እኔም ራሴን አሳየሁህ። ከዚህ በኋላ የሚሸሸግ ነገር የለንም። ኪኒንህን ጨርስ፤ ስትጨርስ ሠርጉን እንደግሳለን፤ ያኔ ግን ሐኪም ከለከለኝ ብትል አልሰማህም።»

እትዬ አንጓች እልል አሉ። አያ ምናለም በአገውኛ መረቀን፤ በዚህ ጊዜ ትርጉም የጠየቀ የለም።

ወራቱ አለፉ፤ ኪኒኑም አለቀ። ብጉሩ አንድ በአንድ ርስቱን እየለቀቀ ወጣ። ጠባሳ ቀርቶልኛል፤ ግን ጉንጬ ተደላድሎ በጎኔ ተኛሁ፤ ያቺን የመጀመሪያዋን እንቅልፍ እስከ ዛሬ አልረሳትም። የመጨረሻው የደም ምርመራ ደኅና ሆኖ ሐኪሟ ስትሸኘኝ በጥቂቱም ቢሆን ፈገግ ያለች መስሎኛል። ከባሕር ዳር ስመለስ ዳንግላ ወረድሁ። ባርኔጣ የለ፣ ጥላ የለ፤ ፀጉሬን አጭር ተቆርጬ፣ ፊቴን ለዓለም ገልጬ። ማስተዋል መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቀኛለች።

አየችኝ።  ዞር ብላ በግራ አየችኝ፤ ዞራ ደግሞ በቀኝ አየችኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ምስጋና እጠብቃለሁ።

«ምነው?» አልሁ ሲቆይብኝ። «ጠባሳው ነው?»

«አይ፣ ጠባሳውስ ምንም አይልም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ራሷን ዘንበል አደረገች። ሕፃናት ተማሪዎቿን እንዳይከፋቸው አድርጋ በምትጠይቅበት ድምፅ፣ «ጆሮህ…» አለችኝ፣ «ጆሮህ ድሮም ይህን ያህል ነበር?»

በሁለት እጄ ያዝኋቸው። እጄ ውስጥ አልገቡም። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ጉንጬን ሲያይ፣ እኔም መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን ስቆጥር፣ ወደ ጎን ያየ አልነበረም። ስረግመው የኖርሁት ብጉር ለካ ከልሎኝ ኖሯል።